አምስት ሳምንት ምን ያህል ይሸከማል? ነፃ የክረምት ድልድይ ፕሮግራሞች በሚዛን

12ኛ ክፍልን ጨርሳችኋል እንበል። ኮሌጅ ተቀብሏችኋል፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ግን ከሁለት ወር በኋላ ነው። በዚህ መሃል አንድ ማስታወቂያ ዓይናችሁ ይገባል፦ «አምስት ሳምንት! ሙሉ በሙሉ ነፃ! በሒሳብና በጽሑፍ ተጠናክራችሁ ኮሌጅ ግቡ!» ከሥሩ ደግሞ «ባለፈው ዓመት ከእኛ ጋር የተማሩት ካልተማሩት የተሻለ ውጤት አምጥተዋል» ይላል። ትመዘገባላችሁ?

«ነፃ አይደል እንዴ? ምን ይጎዳኛል?» የሚለው መልስ ቶሎ ይመጣል። እስቲ ግን ቆም እንበልና ሁለት ነገር እንጠይቅ። እውነት ይሠራል? እውነትስ ነፃ ነው? ሁለቱም በመረጃ የሚመለሱ ጥያቄዎች ናቸው። መልሳቸው ማስታወቂያው ከሚለው ይለያል፤ «እነዚህ ነገሮች ምንም አይጠቅሙም» ከሚሉት ሰዎች አስተያየትም ይለያል።

ድልድዩ ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ እነዚህን ፕሮግራሞች «ሰመር ብሪጅ» ይሏቸዋል፤ የክረምት ድልድይ እንደማለት ነው። እኛ ጋ ዝናብ፣ እነሱ ጋ ፀሐይ ይሁን እንጂ ወሮቹ ያው ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። ሁለተኛ ደረጃን በጨረሰና ኮሌጅ ባልጀመረ ተማሪ መካከል ያለውን ክፍተት ለመሙላት የታሰቡ ናቸው።

ሐሳቡ ሥር የሰደደው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። የዩኒቨርሲቲ በር ለጥቁሮችና ለድሃ ቤተሰብ ልጆች ገና መከፈት ሲጀምር «በሩን መክፈት ብቻውን አይበቃም፣ የሚገባውንም ማዘጋጀት ያስፈልጋል» የሚል ክርክር ተነሣ። በኒው ጀርሲ ግዛት ለምሳሌ፣ በ1967 የኒውአርክ ከተማ በአመፅ ከተናጠች በኋላ በቀጣዩ ዓመት ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ተማሪዎችን የሚደግፍ የትምህርት ዕድል ፈንድ ተቋቋመ። ዛሬም ድረስ በዚህ ፈንድ የሚገቡ ብዙ አዲስ ተማሪዎች የመጀመሪያ ክፍላቸውን የሚያዩት በክረምቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሞቹ በየኮሌጁ ተባዝተዋል።

ውስጣቸው ሲታይ አብዛኞቹ ተመሳሳይ ናቸው። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚሆን የተጣደፈ የሒሳብ፣ የንባብና የጽሑፍ ትምህርት አለ። አስጠኚና አማካሪ አለ። «የኮሌጅ ዕውቀት» የሚባል ነገርም አለ፦ ኮርስ እንዴት ይመዘገባል፣ መምህርን ቢሮው ሄዶ ማነጋገር እንዴት ነው፣ የገንዘብ ድጋፍ ቅጽ በምን ይሞላል የመሳሰለው። አንዳንዶቹ ትንሽ የኪስ ገንዘብም ይሰጣሉ።

ለምን አስፈለጉ ካላችሁ፣ ዋናው ምክንያት የምደባ ፈተና ነው። ብዙ የአሜሪካ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ማንንም ይቀበላሉ፤ ከተቀበሉ በኋላ ግን ይፈትናሉ። ፈተናው «አልበቃህም» ካለ ተማሪው ማካካሻ ኮርስ ይገባል። ይህ ኮርስ ገንዘብ ይከፈልበታል፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ለዲግሪ ግን አይቆጠርም። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ተምሮ ከዜሮ አለመነቃነቅ ማለት ነው። የክረምት ድልድዩ ቃል የሚገባውም ይህን ጣጣ በነፃና በአምስት ሳምንት ለማቃለል ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ እኔም በሐሳቡ ላይ ጠብ የለኝም። ጥያቄዬ ማስረጃው ላይ ነው።

የማስታወቂያው ቁጥር የማይናገረው

«ከእኛ ጋር የተማሩት ካልተማሩት የተሻለ ውጤት አመጡ» የሚለውን እንደገና እንየው። ዓረፍተ ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ መጥቀሙን ግን አያሳይም።

ለምን? በፀሐያማ የዕረፍት ወር፣ ጓደኞቹ ሲዝናኑ፣ ራሱ ፈቅዶ ሒሳብ ሊማር የተመዘገበ ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ነው? ታታሪ ነው። ወይም የሚያበረታታው ቤተሰብ አለው። ወይም ሥራ የመሥራት ግዴታ የለበትም። ይህ ልጅ ፕሮግራሙ ባይኖርም ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት ሊያመጣ ይችል ነበር። ተመራማሪዎች ይህን የመረጣ አድልዎ ይሉታል። ጂም የሚመላለሱ ሰዎች ጤነኞች ስለሆኑ ብቻ «ጂም ነው ያዳናቸው» ማለት አይቻልም፤ የታመመውማ መጀመሪያም ጂም አልሄደም።

ሁለተኛው ወጥመድ ይበልጥ ስውር ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ተማሪውን መጀመሪያ ይፈትኑታል፣ መጨረሻ ላይም ይፈትኑታል፣ ከዚያም «ይኸው በአምስት ሳምንት ይህን ያህል ጨመረ» ይላሉ። ይህን ለመፈተሽ አንድ ሙከራ በሐሳባችሁ ሥሩ።

1,000 ሰው ሰብስቡ። እያንዳንዱ ሳንቲም 10 ጊዜ ይወርውር፤ ዘውድ በወጣ ቁጥር አንድ ነጥብ ያግኝ። ሦስትና ከዚያ በታች ያገኙትን «ደካሞች» ብላችሁ ለዩ። የዕድል ሒሳብ እንደሚነግረን 172 ያህል ሰዎች ትለያላችሁ፣ አማካይ ነጥባቸውም 2.6 ገደማ ይሆናል። አሁን እነዚህን ሰዎች አዳራሽ አስገብታችሁ የአምስት ሳምንት «የሳንቲም አወራወር ሥልጠና» ስጧቸው። ከዚያ እንደገና ያስወርውሯቸው። አማካዩ ስንት ይሆናል? አምስት! ውጤታቸው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሥልጠናው ግን ምንም አላደረገም። መጀመሪያ የተመረጡት ዕድል ስለጎደላቸው ነበር፤ ሁለተኛ ጊዜ ዕድላቸው ወደ ተለመደው ተመለሰ፣ በቃ።

ፈተና ሳንቲም አይደለም፤ እውነተኛ ችሎታንም ይለካል። ግን በማንኛውም ፈተና ውስጥ የዕድል ድርሻ አለ፦ ራስ ምታት፣ ያልተጠበቀ ጥያቄ፣ የኮምፒውተር ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ማየት። ተማሪዎችን በዝቅተኛ ውጤታቸው ብቻ ከመረጣችሁ፣ ምንም ባታስተምሯቸውም በሁለተኛው ፈተና በአማካይ ከፍ ይላሉ። ይህ ወደ አማካይ መመለስ ይባላል። ስለዚህ «በፊትና በኋላ» የሚል ቁጥር ብቻውን ሲቀርብላችሁ ወዲያው አታጨብጭቡ።

ቴክሳስ ውስጥ ዕጣ ሲወጣ

ታዲያ እውነቱን ማወቅ የሚቻለው እንዴት ነው? በዕጣ። ፕሮግራሙን የሚፈልጉትን ሁሉ መዝግቡ፣ ከዚያ ማን እንደሚገባና ማን እንደማይገባ ዕጣ ይወስን። ያኔ ሁለቱ ቡድኖች በትጋትም፣ በቤተሰብም፣ በዕድልም በአማካይ እኩል ይሆናሉ። በኋላ ልዩነት ከታየ፣ ልዩነቱ የመጣው ከፕሮግራሙ ነው ለማለት ጠንካራ ምክንያት ይኖራል።

ይህ በእውን ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 ክረምት በቴክሳስ ግዛት ስምንት ተቋማት፣ አብዛኞቹ ኮሚኒቲ ኮሌጆች፣ ከ1,300 በላይ ተማሪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። አንደኛው ቡድን ለአራትና ለአምስት ሳምንት በቀን ቢያንስ ሦስት ሰዓት ተማረ፤ ለጨረሱት እስከ 400 ዶላር የኪስ ገንዘብም ተሰጠ። ሌላው ቡድን ኮሌጁ ለማንኛውም ተማሪ የሚሰጠውን አገልግሎት ብቻ አገኘ። ተመራማሪዎቹ ሁለቱንም ቡድኖች ለሁለት ዓመት ተከታትለው ውጤቱን በ2012 አሳተሙ።

ምን ተገኘ? መጀመሪያ ላይ ተስፋ ሰጪ ነገር ታየ። በዕጣው ወደ ፕሮግራሙ የገቡት በመጀመሪያው አንድ ዓመት ተኩል የኮሌጅ ደረጃ ሒሳብና ጽሑፍ ኮርስ በማለፍ በለጡ። በንባብ ግን ልዩነት አልታየም። ሁለት ዓመት ሲሞላ ደግሞ የሒሳቡና የጽሑፉ ብልጫም ደበዘዘ፤ ሌሎቹ ደርሰውባቸው ነበር። ትምህርታቸውን ሳያቋርጡ በመቆየትም ሆነ በሰበሰቡት ክሬዲት ብዛት ሁለቱ ቡድኖች አልተለያዩም።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ይሳሳታል። አንደኛው «ይኸው፣ ምንም አይጠቅምም» ይላል። ይህ ልክ አይደለም፤ አንድን ኮርስ ቀደም ብሎ ማለፍ ለተማሪው ጥቅም ነው፣ ጊዜም ገንዘብም ያተርፋል። ሁለተኛው «ጅምሩ ጥሩ ስለሆነ ይሠራል» ይላል። ይህም ልክ አይደለም፤ የፕሮግራሙ ቃል ተማሪውን እስከ ምረቃ ማሻገር እንጂ ሩጫውን በአንድ እርምጃ ማስቀደም አልነበረም። ትክክለኛው ፍርድ ይህ ይመስለኛል፦ ድልድዩ የተወሰነ ርቀት ይወስዳል፣ ከዚያ ያልቃል፣ ወንዙ ግን ይቀጥላል።

ሒሳቡን ካየነው ደግሞ አይገርምም። አንድ የአሜሪካ ተማሪ በዓመት 180 ቀን ገደማ ትምህርት ቤት ይሄዳል። በቀን ስድስት ሰዓት ብንል፣ በ12 ዓመት ወደ 13 ሺህ ሰዓት ይሆናል። አምስት ሳምንት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት ብንማር 100 ሰዓት ነው። አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። በ13 ሺህ ሰዓት ያልተሞላውን በ100 ሰዓት መሙላት ተአምር መጠበቅ ነው። ተአምሩ ሳይሆን ሲቀር ጥፋቱ ተማሪው ላይ ይለጠፋል፦ «ዕድሉን ሰጥተነው ነበር እኮ!» እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ነፃ ፕሮግራም ለትምህርት ሥርዓቱ ርካሽ ሰበብ ሊሆን ይችላል።

ነፃ ማለት ስንት ነው?

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ክፍያ የለም ማለት ወጪ የለም ማለት አይደለም።

የቴክሳሱን ተማሪ አስቡት። አምስት ሳምንት በሳምንት 30 ሰዓት ሥራ ቢሠራ 150 ሰዓት ነው። ከ2009 ሐምሌ ወዲህ የአሜሪካ ፌዴራል ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ 7.25 ዶላር ነው፤ ሲባዛ ወደ 1,088 ዶላር ይመጣል። የኪስ ገንዘቡ ከፍተኛው 400 ዶላር ነበር። ልዩነቱ ከ680 ዶላር በላይ ነው፤ ይህን የሚከፍለው ተማሪው ወይም ቤተሰቡ ነው። ክረምቱን ሠርቶ የመጽሐፍና የትራንስፖርት ገንዘብ ማጠራቀም ያለበት ልጅ «ነፃ» የሚለውን ቃል የሚሰማው እናንተ እንደምትሰሙት ላይሆን ይችላል። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ወላጆቻቸው ሁለት ፈረቃ በሚሠሩ የሐበሻ ቤቶች ያደጋችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ክረምት ማለት ታናናሾችን መጠበቅ ወይም ገበያ ማዕከል ውስጥ መሥራት ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ተመልከቱ፦ ፕሮግራሙ የታሰበለት በጣም የተቸገረው ልጅ ለመምጣት በጣም የሚከብደውም እሱው ነው። የኪስ ገንዘብ የማይከፍል፣ ምሳና ትራንስፖርት የማይሸፍን «ነፃ» ፕሮግራም ሳያውቀው ሻል ያለ ኑሮ ያላቸውን ይመርጣል። ከዚያም የእነሱን ውጤት ማስታወቂያ ያደርገዋል።

በክረምት የሚቀልጡ ተማሪዎች

አንድ ነገር ግን ለክረምቱ ልንሟገትለት ይገባል። ቤንጃሚን ካስልማንና ሊንዚ ፔጅ የተባሉ ተመራማሪዎች «የክረምት መቅለጥ» በሚባለው ክስተት ላይ ብዙ ሠርተዋል። ኮሌጅ ተቀብሏቸው፣ «እገባለሁ» ብለው ወስነው፣ መስከረም ሲመጣ ግን የትም የማይታዩ ተማሪዎች አሉ። በጥናቶቻቸው ይህ ቁጥር እንደየአካባቢው ከ10 እስከ 40 በመቶ ሆኖ ታይቷል። ልጆቹ የሚቀሩት ሒሳብ አቅቷቸው ላይሆን ይችላል። ያልገባ ቅጽ፣ ያልተረዱት የክፍያ ደብዳቤ፣ ያመለጠ የክትባት ማስረጃ ቀን ሊሆን ይችላል። የሁለተኛ ደረጃ አማካሪያቸው ዕረፍት ወጥቷል፤ የኮሌጁ አማካሪ ገና አያውቃቸውም። በመሃል ማንም የለም።

ሁለቱ ተመራማሪዎች በዳላስ፣ በፊላደልፊያና በማሳቹሴትስ ከተሞች ለተማሪዎች በክረምቱ የስልክ መልእክት እየላኩ አስታወሷቸው፤ ጥያቄ ካላቸው ከአማካሪ ጋር አገናኟቸው። ወጪው በአንድ ተማሪ 7 ዶላር ገደማ ነበር። በአንዳንዶቹ ቦታዎች፣ በተለይ ሌላ ድጋፍ ባልነበራቸው ተማሪዎች ዘንድ፣ ኮሌጅ የገቡት ቁጥር ጨመረ። የቴክሳሱ ድልድይ በአንድ ተማሪ በአማካይ 1,300 ዶላር ገደማ እንደወሰደ ስታስቡ 7 ዶላር ያጓጓል።

ይሁን እንጂ እዚህም ላይ ጥርጣሬያችሁን አትጣሉ። በኋላ ካስልማን ራሱ የተሳተፈበት ሌላ ጥናት ተመሳሳይ ሐሳብ በሰፊው ሞከረ። በገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ላይ ያተኮሩ መልእክቶች ከ800 ሺህ በላይ ለሆኑ ተማሪዎች ተላኩ፤ ኮሌጅ በመግባት ላይ የታየ ለውጥ አልነበረም። ለምን? አንዱ ሊሆን የሚችል ምክንያት፣ በትናንሾቹ ሙከራዎች መልእክቱን የላከው ተማሪው የሚያውቀው የአካባቢው ሰው መሆኑ ነው። በትልቁ ላይ የሚያውቀው ሰው ጠፋ፣ የቀረው ጽሑፉ ብቻ ነው። የሳይንስ ጥሩ ነገሩ ይህ ነው፤ የራስን ግኝት እንደገና ፈትኖ «በዚህ መልክ አልሠራም» ብሎ ማሳተም። ስንት የማስታወቂያ ክፍል ይህን ያደርጋል?

ወንዙ እስኪያልቅ አብሮ መሄድ

የሚሠራስ አለ? አለ። ሦስት ምሳሌ ልስጣችሁ።

አንደኛው የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያ የተሠራ የዕጣ ሙከራ፣ በፈተና «ማካካሻ አልጀብራ ያስፈልጋቸዋል» የተባሉ ወደ 900 የሚጠጉ ተማሪዎችን ወሰደ። ከፊሎቹ የማካካሻ አልጀብራ ኮርሱን ወሰዱ፤ ከፊሎቹ ደግሞ በቀጥታ ለዲግሪ የሚቆጠር የስታቲስቲክስ ኮርስ ገቡ፣ በየሳምንቱም የልምምድ ክፍለ ጊዜ ተጨመረላቸው። አልጀብራውን ያለፉት 39 በመቶ ሲሆኑ ስታቲስቲክሱን ያለፉት 56 በመቶ ገደማ ነበሩ። «አልበቃችሁም» የተባሉት ከበዱ በተባለው ኮርስ ይበልጥ አለፉ! እርግጥ ሁለቱ ኮርሶች አንድ አይደሉም፤ ግን «መጀመሪያ ማካካሻ» የሚለው ልማድ ራሱ መጠየቅ እንዳለበት ያሳያል። ከዚህ ጋር የምደባ ፈተናው ራሱም ታምሟል፦ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዋ ጁዲት ስኮት ክሌይተንና ባልደረቦቿ ጥናት መሠረት፣ በሒሳብ ከአራት ተፈታኞች አንዱ፣ በእንግሊዝኛ ከሦስት አንዱ ከቦታው እጅግ በራቀ ምድብ ውስጥ ይገኛል። ማካካሻ ያላስፈለገው ሰው ማካካሻ ውስጥ፣ ያስፈለገው ደግሞ ውጭ።

ሁለተኛው ይኸው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚያካሂደው «ኤሳፕ» የተባለ ፕሮግራም ነው። ለሦስት ዓመት ሙሉ የራስ አማካሪ፣ የአስጠኚ ድጋፍ፣ ያልተሸፈነ ክፍያን መዝጋት፣ የመጽሐፍ እርዳታ፣ የአውቶቡስና የባቡር ካርድ ይሰጣል። በዕጣ በተደረገው ሙከራ በሦስት ዓመት ውስጥ ከፕሮግራሙ ተማሪዎች 40 በመቶ ሲመረቁ ከማነጻጸሪያው ቡድን የተመረቁት 22 በመቶ ነበሩ። ኦሃዮ ውስጥ ሲደገምም ተመሳሳይ ውጤት ታየ። ዋጋው ውድ ነው፤ በሦስት ዓመት በአንድ ተማሪ ከ16 ሺህ ዶላር በላይ ተጨማሪ ወጪ አለው። ነገር ግን ወጪው ለተመራቂዎች ቁጥር ሲካፈል፣ አንድ ተመራቂ ለማፍራት ከተለመደው አሠራር ያነሰ ገንዘብ ነው የጠየቀው።

ሦስተኛው ታሪክ ቀደም ያለ ነው። በ1970ዎቹ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዩሪ ትራይስማን የተባለ ወጣት የሒሳብ ሰው፣ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ካልኩለስ ለምን እንደሚከብዳቸው ለማወቅ ተነሣ። መምህራን «ትጋት አነሳቸው»፣ «ዝግጅት ጎደላቸው»፣ «ቤተሰብ አልደገፋቸውም» የሚል ግምት ነበራቸው። እሱ ግን 20 ጥቁርና 20 ቻይናዊ አሜሪካዊ ተማሪዎችን እስከ ማደሪያቸው ተከትሎ እንዴት እንደሚያጠኑ ተመለከተ። ግምቶቹ አልያዙም። ጎልቶ የታየው ልዩነት ሌላ ነበር፦ ጥቁር ተማሪዎቹ ብቻቸውን ነበር የሚያጠኑት፤ ቻይናውያኑ ደግሞ ተሰብስበው፣ የአንዱን ሥራ ሌላው እያረመ፣ ያልገባቸውን እየተጠያየቁ። ትራይስማን መልሱን ማካካሻ ትምህርት አላደረገውም። ከባድ ከባድ ጥያቄዎችን በቡድን የሚፈቱበት ክፍለ ጊዜ ከመደበኛው ኮርስ ጎን አቋቋመ፤ የተማሪዎቹም ውጤት ተሻሻለ።

ሦስቱን የሚያገናኛቸው ምንድን ነው? ድጋፉ ከትምህርቱ በፊት ተሰጥቶ የሚቆም አይደለም፤ ከትምህርቱ ጋር ይሄዳል። ክረምት ድርሻ የለውም ማለቴ አይደለም። በሜሪላንድ ባልቲሞር ካውንቲ ዩኒቨርሲቲ ያለው ዝነኛው የማየርሆፍ ፕሮግራም የሚጀምረው በስድስት ሳምንት ክረምት ነው። ግን ክረምቱ እዚያ መጀመሪያ ነው፤ ከእሱ በኋላ የትምህርት ወጪ ድጋፍ፣ የጥናት ቡድን፣ የላቦራቶሪ ምርምርና ቅርብ ክትትል ለዓመታት ይቀጥላል። በክረምቱ የተገናኙት ልጆች በኋላም አብረው ያጠናሉ። ክረምቱ የሰጣቸው ትልቁ ነገር ምናልባት ሒሳቡ ሳይሆን እርስ በርስ መተዋወቁ ነው።

እኛስ ጋ?

ነገሩ የአሜሪካ ብቻ ቢሆን እዚህ ባቆምን ነበር። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በ2015 ሲገለጽ ግን ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ፣ ማለትም 30 ሺህ ገደማ ነበሩ። ያን ተከትሎ ትምህርት ሚኒስቴር ማለፊያውን ላላገኙ ከ100 ሺህ በላይ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች የአቅም ማሻሻያ ትምህርት አስጀመረ፤ እናንተ «ሪሜዲያል» የምትሉት ማለት ነው። አምስት ሳምንት ሳይሆን ወራት ይፈጃል፤ መጨረሻውም ፈተና ነው። ቅርጹ ቢለይም ጥያቄው አንድ ነው፦ በ12 ዓመት ያልተሞላ ጉድለት በጥቂት ወራት ይሞላል?

«ሪሜዲያል ካለፉት ይህን ያህሉ ፍሬሽማን ገቡ» የሚል ቁጥር መልስ አይሆንም፤ ምክንያቱን አሁን ታውቁታላችሁ። ሁለተኛ ጊዜ የተፈተነ ሰው ከፊሉ በዕድል መመለስም ሊያልፍ ይችላል። ዕጣ ማውጣት ለእኛ ይከብድ ይሆናል፤ ግን ሌላ መንገድ አለ። 49 ያመጣና 51 ያመጣ ተማሪ በችሎታ ምንም ያህል አይለያዩም፤ ጥቂት ጥያቄዎች ናቸው የለያዩዋቸው። አንዱ ሪሜዲያል ይገባል፣ ሌላው በቀጥታ ፍሬሽማን ይጀምራል። ከመስመሩ ግራና ቀኝ ያሉትን ብዙ ተማሪዎች እስከ ምረቃ ብንከታተል፣ መሃል ያቋረጡትንም ሳንረሳ ብንቆጥር፣ ትምህርቱ ምን እንደጨመረላቸው በግልጽ ይታያል። ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ፈተና ሳይሆን የተማሪዎችን መዝገብ አገናኝቶ ለተመራማሪ ክፍት ማድረግ ነው። ስታቲስቲክስ የምታጠኑ አንባቢዎች፣ ይህ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ርዕስ ነው። ውሰዱት።

ከመመዝገባችሁ በፊት

እንግዲህ ማስታወቂያው አሁንም ከፊታችሁ ነው። የእኔ ምክር «ተውት» አይደለም። እነዚህን ጠይቁ ነው የምለው።

አንደኛ፣ መስከረም ሲመጣ ምን ይቀጥላል? «ከዚያ በኋላ ራሳችሁን ትችላላችሁ» ካሏችሁ ድልድዩ አጭር ነው፤ ይህን አውቃችሁ ግቡ።

ሁለተኛ፣ ምን ያስቀርልኛል? የምደባ ፈተና ያስተወኛል ወይስ ለዲግሪ የሚቆጠር ክሬዲት ይሰጠኛል? የምስክር ወረቀት ብቻ ከሆነ ጊዜያችሁን መዝኑ።

ሦስተኛ፣ ከማን ጋር አነጻጽራችሁ ነው የተሳካው? «ካልመጡት ጋር» ካሉ የሳንቲሙን ሥልጠና አስታውሱ።

አራተኛ፣ ለእኔ ስንት ያወጣል? የሚቀርባችሁን ደመወዝ፣ ትራንስፖርቱንና ምሳውን ደምሩ። ከዚያ የኪስ ገንዘብ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

አምስተኛ፣ እዚያ ከማን ጋር እገናኛለሁ? በመስከረም አብረውኝ ክፍል የሚቀመጡ ልጆች ናቸው? ከሆኑ ስልካቸውን ያዙ፤ የጥናት ቡድናችሁን በክረምቱ መሥርቱ። አስተማሪው ባያቅድላችሁም ይህን ራሳችሁ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ወጪ የለውም።

ፕሮግራሞቹን ለሚያካሂዱት ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። የምታስተምሯቸው ልጆች የጎደላቸውን እንዲሞሉ ስትጠይቋቸው፣ እናንተም የጎደላችሁን ሙሉ። ያቋረጡትን ጭምር ቁጠሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የት እንደደረሱ ጠይቁ፤ ውጤቱ የማያስደስት ቢሆንም አሳትሙ። አምስቱን ሳምንት ማራዘም ካልቻላችሁ፣ ቢያንስ በስድስተኛው ሳምንት ስልኩን የሚያነሣ አንድ ሰው አስቀምጡ።